የጄሪካኑ መልስ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ረፋድ ላይ፤ ጠላቂው እንየው የውሃ ልብሱን እስከ ወገቡ ለብሶ ቆሟል፤ አብራው የምትጠልቀው የሚስቱ ታናሽ እህት ትርንጎ የአየር ሲሊንደሩ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች።

እንየው፦ አንቺ ልጅ፣ ተነሺልኝ አልኩሽ!

ትርንጎ፦ አልነሳም አልኩህ፣ ጋሽ እንየው።

እንየው፦ የአየር ሲሊንደር እኮ ነው የተቀመጥሽበት፤ በርጩማ አይደለም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። በርጩማማ ቢሆን በምን ዕድሌ፤ ይኼ ይቆረቁራል።

እንየው፦ ከቆረቆረሽ ተነሽና የሚመችሽ ቦታ ሂጂ።

ትርንጎ፦ አንተ «ብቻዬን እገባለሁ» ማለትህን ተው፤ ያኔ እነሳለሁ።

እንየው፦ አንቺን ይዤ ከምገባ ድንጋይ አንገቴ ላይ አስሬ ብገባ ይሻለኛል። ድንጋይ ቢያንስ አይነዘንዝም።

ትርንጎ፦ ድንጋይ አያወጣህምም።

እንየው፦ እኔን ማን አውጥቶኝ ያውቃል? ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ ስፍቅ ማን ነበር አጠገቤ? እኔና ባሕሩ ብቻ! ከላዬ ቤት የሚያህል ብረት፣ ከታቼ ማለቂያ የሌለው ጨለማ፤ አንድ ሰው እጄን አልያዘኝም።

ትርንጎ፦ መጣች ጅቡቲ! ዛሬ ደግሞ ምነው ዘገየች እያልኩ ነበር።

እንየው፦ ስቂ! ጅቡቲን ያላየ ጣናን ባሕር ይለዋል። እኔ ከዚያ መጥቼ እዚህ ጭቃ ውሃ ውስጥ ከአንቺ ጋር መንቦጫረቄ ራሱ ውለታ ነው።

ትርንጎ፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ጅቡቲ ብቻህን ከነበርክ፣ ጎበዝነትህን ማን አየልህ? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

እንየው፦ እንዴ! አፍሽ እንዲህ የረዘመው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ አይደለሁ መተንፈስ ያስተማርኩሽ? ገና መጀመሪያ ቀን መነጽርሽ ውሃ ሲገባበት «እናቴን ጥሩልኝ» ያልሽው ማን ነበርሽ?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ።

እንየው፦ ታዲያ?

ትርንጎ፦ ታዲያማ አስተምረኸኝ ተማርኩ። አንተ ነህ ያስተማርከውን የረሳኸው።

እንየው፦ ምኑን ነው የረሳሁት?

ትርንጎ፦ «ለብቻው የጠለቀ ለብቻው ይቀበራል» ያልከኝ አንተ ነህ። እዚችው ዳር ላይ ቆመህ፣ ጣትህን ዓይኔ ውስጥ ልትከት እስኪደርስ እየቀሰርክ።

እንየው፦ ያ ለጀማሪ ነው! ለጫጩት የሚነገር ለአውራ አይነገርም። አንበሳ ብቻውን ነው የሚሄድ።

ትርንጎ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው፤ አንበሳው እኮ ብቻውን ስለሄደ ነው በድር የታሰረው።

እንየው፦ ኤዲያ! ተረትሽን ለእህትሽ ውሰጂላት። ስሚኝ፤ ሁለት ሰው ውሃ ሲገባ ሁለት ፍርሃት ነው የሚገባው። ብቻዬን ስሆን የማስበው ለአንድ ነፍስ ነው፤ ከአንቺ ጋር ስሆን ለራሴም ላንቺም፣ ላንቺ ጭንቀትም ጭምር አስባለሁ።

ትርንጎ፦ አስበህልኝ ነዋ ሐሙስ ዕለት ጥለኸኝ የሄድከው።

እንየው፦ አልጣልኩሽም። አሳረፍኩሽ።

ትርንጎ፦ እግዜር ያሳርፍህ።

እንየው፦ ባሕሩን እዪው። ዛሬ እንደ መስታወት ነው። ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ። ጋዜጠኞቹም እየመጡ ነው። ወርጄ የገዳሙን ደወል በገመድ አስሬ እወጣለሁ፤ ጀልባው ይስበዋል፤ አለቀ። ይህቺን ታህል ሥራ ሁለት ሰው ይሻማባታል?

ትርንጎ፦ ደወሉ የት እንዳለ ታውቃለህ ማለት ነው።

እንየው፦ በእጄ ነካሁት እኮ! በእነዚህ እጆቼ! የገዳሙ አባቶች ጀልባ ዘንበል ብሎ ደወሉ ከወደቀ ጀምሮ ስንቱ ዋናተኛ ነኝ ባይ ውሃውን ሲያደፈርስ ሰነበተ፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን። አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ?

ትርንጎ፦ አንተው ንገረኝ።

እንየው፦ ከጄሪካን ጋር ወግ ይዘሽ ነበራ!

ትርንጎ፦ አዎ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አንተ ይመስገንና።

እንየው፦ እኔ ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት።

ትርንጎ፦ ለአንድ የባጃጅ ሹፌር። ለባጃጅ ሹፌር ከመንገር በማይክራፎን ማወጅ ይሻላል። «ትርንጎ ጄሪካን አገባች» ተብሎልኛል። ትናንት ዘይት ልገዛ ገበያ ብገባ ነጋዴው ባዶ ጄሪካን ከፍ አድርጎ «ባለቤትሽ ሰላም ብሎሻል» አለኝ።

እንየው፦ ሃ ሃ ሃ! ይህቺን አልሰማሁም! ወይ ባሕር ዳር! «ባለቤትሽ»! ምን አልሽው?

ትርንጎ፦ «አመስግንልኝ፤ ከአማቼ እሱ ይሻላል» አልኩት።

እንየው፦ እሰይ፤ ቀልድም ለመድሽ።

ትርንጎ፦ እስቲ እንለማመድ። ጋዜጠኞቹ ሲመጡ ይኼንን ታሪክ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንበል። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።

እንየው፦ ትነሻለሽ ከዚያ በኋላ?

ትርንጎ፦ ታሪኩ ካለቀ እነሳለሁ።

እንየው፦ በይ ስሚ፤ ሰው አፍ ላይ ሳይበላሽ ከባለቤቱ ስሚው። ጣና ማለት ወይዘሪት ጋዜጠኛ፣ ከላይ ሲያዩት ሰማይ የሚመስል፣ ገብተው ሲያዩት የጭቃ ወጥ ነው። እጅሽን ዓይንሽ ሥር ብታመጪው አታይውም። ስለዚህ ሁለት ጠላቂዎች አብረው ሲወርዱ አጭር ገመድ የአንዱን የእጅ አንጓ ከሌላው አንጓ ያስራል። መነጋገሪያቸው እሱ ነው። አንዴ ከተሳበ «አለህ?» ማለት ነው። አንዴ መልሶ መሳብ «አለሁ» ነው። ገባሽ?

ትርንጎ፦ ገባኝ። ካልተመለሰስ?

እንየው፦ ካልተመለሰማ... ጓደኛህ ችግር ላይ ነው፤ ሁሉን ትተህ ትፈልገዋለህ። ይኼ ሕግ ነው።

ትርንጎ፦ ሕጉን ያወጣው ማን ነው?

እንየው፦ እኔ ነኝ እዚህ አገር ያመጣሁት! ምን ታቋርጪኛለሽ? እንግዲህ ይህቺ ሴት፣ ይህቺ ዋርሳዬ፣ ከገባች ጀምሮ በየትንፋሹ ትስባለች። አለህ? አለህ? አለህ? ሚስቴ እንኳ በትዳር ዘመናችን እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም!

ትርንጎ፦ እህቴ ብትጠይቅህ ኖሮ እንዲህ አትበላሽም ነበር።

እንየው፦ ጋዜጠኛ አይሳደብም። ደግሞ ቋጠሮዋ! እንደ ጥጃ አሳሪ ሁለት ጊዜ አዙራ፣ በመሃል አሾልካ፣ መልሳ ታጠብቀዋለች። የእሷን ቋጠሮ ለመፍታት ጥርስ ያልቃል። እኔ የራሴን ጫፍ በአንድ ጣት ነው የምፈታው።

ትርንጎ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እንየው፦ ለዚያማ ነው የሚጠቅም! ሐሙስ ዕለት መሬቱን እንደነካን ሰለቸኝ። ደወሉ ወደቀ ከተባለበት ቦታ በላይ ቢጫ ጄሪካን እንደ ምልክት ተንሳፍፏል፤ የጄሪካኑ ገመድ ታች ድንጋይ ላይ ታስሯል። እኔ ቀስ ብዬ ከአንጓዬ ፈታሁና የኔን ጫፍ በጄሪካኑ ገመድ ላይ ቋጠርኩት። ማዕበሉ ጄሪካኑን ባነሳው ቁጥር ገመዱ ይሳባል። እሷ «አለህ?» ስትል ጄሪካኑ «አለሁ!» ይላታል። «አለህ?» «አለሁ!» ሃ ሃ! እኔ ነጻ ወጣሁ፤ እሷም በባሏ እቅፍ ሰነበተች።

ትርንጎ፦ ሳቁን ትቀንሰዋለህ፤ ካሜራ ፊት ጥርስህ ይታያል። ከዚያስ?

እንየው፦ ከዚያማ በጨለማው ውስጥ ብቻዬን ዋኘሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳበኝም። ደስ ሲል!

ትርንጎ፦ ቀጥ ብለህ ዋኘህ?

እንየው፦ ቀጥ ብዬ።

ትርንጎ፦ ወደ የት?

እንየው፦ ወደ... ወደ ፊት ነዋ! ሰው ወደ የት ይዋኛል?

ትርንጎ፦ ግራ ጆሮህስ ደህና ነበር?

እንየው፦ በጆሮዬ ምን አገባሽ?

ትርንጎ፦ እህቴ የትራስ ልብስ ስታጥብ እያለቀሰች ነው። ከጆሮህ የሚፈሰው ትራሱን አበላሽቶታል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትልህ «ጆሮ የሴት ጌጥ ማንጠልጠያ ነው» አልካት አሉ።

እንየው፦ ይህቺ ሴት የመኝታ ቤት ነገር ሁሉ ታወራለች ማለት ነው?

ትርንጎ፦ ለእህቷ ነው ያወራችው፤ ለባጃጅ ሹፌር አይደለም።

እንየው፦ ጉንፋን ነው። አፍንጫ ሲዘጋ ጆሮም ይዘጋል።

ትርንጎ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ሲገባ ዓለም ይዞራል፤ ላይና ታች ይጠፋል ብለህ ያስተማርከኝስ?

እንየው፦ ያስተማርኩሽ፣ ያስተማርኩሽ! ባላስተማርኩሽ ኖሮ! አንድ ፊደል ያስቆጠርኩት ሁሉ ዛሬ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠብኝ። አንቺን ሳሰለጥን አንድ ጥቅም ይኖርሻል ብዬ ነበር፤ ለካ የራሴን ከሳሽ ነው የቀለብኩ።

ትርንጎ፦ ታሪክህን ጨርስ። ብቻህን ወደ «ፊት» ዋኘህ። ከዚያ?

እንየው፦ ከዚያ እግሬን አንድ ነገር ያዘኝ። አሮጌ የአሳ መረብ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ አንዴ በኃይል ረገጥኩት፣ ተበጠሰ።

ትርንጎ፦ በኃይል ረገጥከው።

እንየው፦ በኃይል! እጄን ሳወራጭ ክብ ብረት ነካሁ። ቀዝቃዛ። ለስላሳ። አንኳኳሁት፤ ጮኸ! ደወሉ!

ትርንጎ፦ ደወሉ።

እንየው፦ ልብ በይ፤ ገና ተአምሩ አልመጣም። አየር ሊያልቅብኝ ሲል፣ መውጫውን ስፈልግ፣ ገመድ ራሱ መጥቶ እጄ ላይ ተጠመጠመ። ከየት መጣ? ማን ላከው? የገዳሙ ጠባቂ መልአክ ነው እንጂ! ይኸው አንጓዬን እዪው፤ ምልክቱ እስካሁን አለ። ያንን ገመድ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ሽባባው ከጀልባው እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። ያው ሽባባውን ታውቂዋለሽ፤ ዓሣ ከማጥመድ ሌላ የማያውቅ፣ አንቺ ደግሞ ዛሬ ጠላቂ አደርገዋለሁ የምትይው። ትንሽ ቆሎ ይዞ ወደ አሻሮ ጠጋ።

ትርንጎ፦ ሽባባው ምን አለህ?

እንየው፦ «ትርንጎስ?» አለኝ።

ትርንጎ፦ አንተስ?

እንየው፦ «ከጄሪካን ጋር እያወራች ነው» አልኩት። ይኸው ታሪኩ አለቀ። ተነሺ።

ትርንጎ፦ ጋዜጠኛዋ ጥያቄ አላት።

እንየው፦ ኧረ በማርያም! ፀሐይዋ እየበረታች ነው፣ ይኼ ልብስ ገላዬ ላይ ሊቀልጥ ነው!

ትርንጎ፦ እጅህ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ እንዴት ፈታኸው?

እንየው፦ መፍታት? ማን ይፈታዋል! ጥርሴን ሊነቅለው ነበር። መጨረሻ ሽባባው በቢላዋ ቆረጠው።

ትርንጎ፦ መልአክ ቋጠሮ ያጠብቃል ማለት ነው።

እንየው፦ በመልአክ አትቀልጂ።

ትርንጎ፦ አልቀለድኩም። ሽባባው የቆረጠውን አልጣለውም። እንካ፣ ያዘው። እየው።

እንየው፦ ይኼ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ካንጓህ ላይ የተቆረጠው ገመድ ነው። ቋጠሮው እንዳለ ነው። እስቲ አንብበው። ሁለት ጊዜ የዞረ። በመሃል የሾለከ። ተመልሶ የጠበቀ።

እንየው፦ አነበብኩት፤ ታዲያ?

ትርንጎ፦ የጥጃ አሳሪ ቋጠሮ አይመስልህም?

እንየው፦ ይኼ ያንቺ... ቆይ። ሽባባው ነው ይኼን ያሰረው። ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው!

ትርንጎ፦ ሽባባው በቢላዋ ሲቆርጠው በዓይንህ እያየኸው ነበር። «ይኼን የሰይጣን ቋጠሮ ቁረጥልኝ» ያልከው አንተ ነህ። ያኔ ሰይጣን ነበር፤ ጋዜጠኛ ሲመጣ መልአክ ሆነ።

እንየው፦ አንቺ ጄሪካኑ ጋ ነበርሽ።

ትርንጎ፦ ነበርኩ። «አለህ?» አልኩ፤ «አለሁ» አለኝ። ሁለተኛም ጠየቅኩ፤ መለሰልኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ዛሬ ጋሽ እንየው ሰው ሆኗል አልኩ። ቀጥሎ ሳልጠይቀውም «አለሁ» አለኝ። ያኔ ደነገጥኩ።

እንየው፦ ለምን ትደነግጫለሽ?

ትርንጎ፦ አንተ በወጉ መልሰህልኝ አታውቅማ! ደጋግሜ ስጠይቅህ አንዴ ነው የምትመልሰው፤ እሱንም እጄን ልትነቅለው እስኪደርስ እየተናደድክ። እንዲህ ያለ ጨዋ መልስ ካንተ አይመጣም። ገመዱን ተከትዬ ስዳብስ ቋጠሮህን አገኘሁት። በአንድ ጣት ተፈታ፤ እንዳልከው።

እንየው፦ እሺ፤ ፈታሽው። ወደ ላይ ልትወጪ ትችይ ነበር።

ትርንጎ፦ እችል ነበር። «የማይመልስ ጓደኛ ፈልገው» የሚለውን ሕግ ያመጣህብኝ አንተ ነህ። የጄሪካኑን ገመድ ከድንጋዩ ላይ ፈትቼ፣ ጫፉን ይዤ፣ የትንፋሽህን አረፋ ድምፅ እየሰማሁ ሄድኩ።

እንየው፦ ያን ቀን ጄሪካኑ ከቦታው የተንቀሳቀሰው...

ትርንጎ፦ እኔ እየጎተትኩት ነው። ሽባባው ከላይ ሆኖ ጄሪካኑ በራሱ ሲሄድ አይቶ አማተበ።

እንየው፦ ደግሞ ምን አየሽ? እጅሽን በማታዪበት ውሃ ምን አየሽ?

ትርንጎ፦ አላየሁም። ዳሰስኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት እግርህን ነው። እግርህ ከላይ ነበር።

እንየው፦ እንዴት ከላይ?

ትርንጎ፦ ጭንቅላትህ ከታች ስለነበረ ነዋ። ወደ ላይ እወጣለሁ ብለህ ጭቃውን በሁለት እጅህ ትቆፍር ነበር። መረቡን እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ አንተማ በረገጥከው ቁጥር ይጠብቅብህ ነበር።

እንየው፦ ውሸት!

ትርንጎ፦ እሺ፣ ውሸት።

እንየው፦ ውሸት ነው! ቋጠሮ ያለው ሁሉ... ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አዙሮ ማሰር ይችላል። ስም ፈልገሽ ነው። ካሜራ ሲመጣ አይተሽ «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ልትይ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ያን ቀን ከሆነ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?

ትርንጎ፦ ያን ቀን ከውሃ ስወጣ ጀልባው ላይ ሆነህ «ባልሽን አስተዋውቂን» እያልክ ትስቅ ነበር። እየተንቀጠቀጥክ ነበር የምትስቀው። አዘንኩልህ። እህቴም ከሰማች አታድርም አልኩ። ስቆ ሲጨርስ እሱው ራሱ ይናገራል፣ አንድ ቃል ይተነፍሳል አልኩ። ቢያንስ ከጎኔ ቁጭ ብሎ «እንዴት ነሽ» ይለኛል አልኩ። አንተ ሄደህ ባጃጅ ተሳፈርክ።

እንየው፦ ምስክር የለሽም።

ትርንጎ፦ ምስክሬ አንተው ነህ። ደወሉን ነካሁት አላልክም?

እንየው፦ ነክቻለሁ! ይኼንንም ልትነጥቂኝ ነው?

ትርንጎ፦ በምን አንኳኳኸው? በጣትህ?

እንየው፦ እ... አንኳኳሁት ነዋ። በምንም ቢሆን።

ትርንጎ፦ በቢላዋህ እጀታ ነው። መጀመሪያ ሁለቴ ቀስ ብለህ። ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርገህ። ከዚያ ቢላዋውን ጣልከውና በሁለት እጅህ አቀፍከው። እንደ ታቦት። ጉንጭህን አስደግፈህበት ቆየህ።

እንየው፦ ይኼን... ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።

ትርንጎ፦ ለባጃጁም?

እንየው፦ ለማንም! ለሚስቴም። አንቺ እንዴት አወቅሽ?

ትርንጎ፦ ያቀፍከው የኔን ሲሊንደር ነዋ! ጀርባዬ ላይ ነበር። መረቡን ልቆርጥልህ ጀርባዬን ስሰጥህ ከኋላ ይዘህ ታንኳኳኛለህ። የመጨረሻዋ ምት ጥርሴ ድረስ ነው የተሰማችኝ። አቅፈህ አልለቅም ስትለኝ ነው እጅህን ይዤ የጄሪካኑን ገመድ ያሰርኩልህ። በጥጃ አሳሪ ቋጠሮ። አንተን በአንድ ጣት በሚፈታ ባስርህ ኖሮ ዛሬ እህቴ ጥቁር ለብሳ ነበር።

እንየው፦ ሲሊንደርሽን ነው ያቀፍኩት?

ትርንጎ፦ ሲሊንደሬን። ይኼንንም ለጋዜጠኛ ንገር።

እንየው፦ ደወሉ... እንግዲያ ደወሉ የት ነው?

ትርንጎ፦ አላውቅም። አንተም አታውቅም። አባቶቻችንን በከንቱ ከጸሎት አስነስተህ አምጥተሃቸዋል። ካሜራም ጠርተሃል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።

እንየው፦ አባቶች ከሰሙ... ደግሞ አንቺ ብታገኚውስ ምን ይጠቅማል? የወንድ ገዳም ደወል ነው። ሴት ደሴቷን አትረግጥም፤ ደወሉን በየት በኩል ትነኪዋለሽ?

ትርንጎ፦ አበምኔቱን ጠይቄያቸዋለሁ።

እንየው፦ እኔን አልፈሽ?

ትርንጎ፦ አንተማ ባጃጅ ላይ ነበርክ። «ልጄ፣ ደወሉ ደሴቱ ሳይደርስ ነው የወደቀው። የጣና ዓሣ ወንዱም ሴቷም ሲታከኩበት ሰንብተዋል፤ አንቺ ብትነኪው ምን ይሆናል? መልሰን እንባርከዋለን» አሉኝ።

እንየው፦ እንዲህ አሉ?

ትርንጎ፦ «እንየውንስ?» አልኳቸው። «እሱን ለጥቂት ጊዜ ከውሃ አርቂልን፤ ጸሎት እንይዝለታለን» አሉ።

እንየው፦ ነገርሻቸው! ጆሮዬን ነገርሻቸው!

ትርንጎ፦ አልነገርኳቸውም። ከጀልባው ስትወርድ ወደ ግራ እያዘነበልክ ስትራመድ አይተውሃል። እሳቸው ዓይን አላቸው እኮ።

እንየው፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ ወይ።

እንየው፦ «ጋሽ» ማለቱን የት ጣልሽው? ቅድም ጋሽ ነበርኩ።

ትርንጎ፦ ቅድም ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አብሬህ ስገባ ጋሽ ነበርክ። ውሃ ውስጥ ከጄሪካን ጋር አስረኸኝ ስትሄድ እዚያው ቀረ። ከፈለግክ ጠልቀህ ፈልገው።

እንየው፦ መኪናው መጣ። ይኸው ካሜራውን እያወረዱ ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲያ ይኸው ተነሳሁ። ሲሊንደርህ ያውልህ።

እንየው፦ እዚያው አስቀምጪው እስቲ።

ትርንጎ፦ ውሰደው እንጂ። ብቻዬን እገባለሁ አላልክም? አንበሳ አይደለህ?

እንየው፦ ማዕበል የተነሳ ይመስለኛል።

ትርንጎ፦ ቅድም እንደ መስታወት ነው ብለኸኝ ነበር።

እንየው፦ ቅድም ሌላ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ... እሺ። ይኸው እጄ። እሰሪኝ። እንደፈለግሽ አድርገሽ እሰሪኝ፤ አብረን እንግባ።

ትርንጎ፦ ከማን ጋር?

እንየው፦ ከኔ ጋር ነዋ። በምትስቢኝ ቁጥር እመልሳለሁ። በእናቴ እመልሳለሁ።

ትርንጎ፦ ጆሮህ እስኪድን አትገባም። የምገባው ከሽባባው ጋር ነው።

እንየው፦ ከዓሣ አጥማጅ ጋር? እኔ እዚህ ቆሜ? ሰው ምን ይለኛል? ያ ደንቆሮ ትናንት መነጽር ገልብጦ አጥልቆ ነበር!

ትርንጎ፦ ገልብጦ አጥልቋል። ግን አንዴ ስስበው አንዴ ይመልሳል። ሌላ ነገር አልፈልግበትም።

እንየው፦ እኔስ? ይኼን ልብስ ለብሼ ካሜራ ፊት እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ልገተር?

ትርንጎ፦ አንተ ጀልባው ላይ ትቀመጣለህ። የእኛ ገመድ ጫፉ አንተ ጋ ይሆናል።

እንየው፦ ገመድ ያዥ! ጅቡቲ የሠራሁ ሰው ገመድ ያዥ! ትርንጎ፣ አታዋርጂኝ እንጂ፣ እኔ እኮ... ደግሞ አንቺስ ብትሆኚ፣ እንዲህ አድርጌሽ፣ ነፍስሽን እጄ ላይ ትሰጪኛለሽ? አትፈሪም?

ትርንጎ፦ እፈራለሁ። ግን የእህቴ ባል ነህ፤ ሥራ ፈትተህ ቤት ውስጥ ስታለቅስባት ከማይ ገመድ ብትይዝ ይሻላል።

እንየው፦ እንዴት ነው የሚያዘው? እኔ ከታች ነው እንጂ ከላይ ሆኜ አላውቅበትም።

ትርንጎ፦ ቀላል ነው። ስስብ ትመልሳለህ፤ ጄሪካን እንኳን አላቃተውም።